መዘግየት፣ ዝላይ እና ርጋታ፦ ከካርኪቭ እስከ ጎንቻ ሲሶ እነሴ

በኦክቶበር 1986 በካሊፎርኒያ የሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራን ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚያገናኘው የኢንተርኔት መስመር ሊቆም ምንም አልቀረውም ነበር። (በዚህ ዳሰሳ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሰከንድ 32,000 ቢት ያሳልፍ የነበረው መስመር ወደ 40 ቢት ወረደ። በሁለቱ ተቋማት መካከል ያለው ርቀት 400 ያርድ ያህል ብቻ ነው። የተቆረጠ ሽቦ አልነበረም፤ የተበላሸ መሣሪያም አልተገኘም። ጥፋቱ የመዘግየት ነበር። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የላከው መልእክት መድረሱን የሚያበስረው ምላሽ ሲዘገይበት መልእክቱ የጠፋ ይመስለውና ደግሞ ይልካል። ድጋሚው መስመሩን ይበልጥ ያጨናንቃል፤ ምላሹም ከበፊቱ የባሰ ይዘገያል። ቫን ጃኮብሰን በ1988 ያሳተመው መፍትሔ ሲነገር ቀላል ነው፦ የመጨናነቅ ምልክት በታየ ቁጥር የሚላከውን መጠን በአንድ ጊዜ ቁልቁል መቁረጥ፣ ከዚያ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ መመለስ። ዛሬም የኢንተርኔትን ፍሰት የሚመሩት ደንቦች አብዛኞቹ ከዚያ ሐሳብ የተወለዱ ናቸው።

ሥርዓቱን ያናጋው መዘግየት ነው፤ ያዳነው ደግሞ ድንገተኛ ዝላይ ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ሥርዓት ውስጥ ሲገናኙ ከረጅም ጊዜ በኋላ ምን ይከተላል? ሥርዓቱ ይረጋል ወይስ ይናጋል? የሒሳብ ሰዎች ይህን ጥያቄ ይዘው ከመቶ ዓመት በላይ ተጉዘዋል። ጉዟቸውን በቅርብ የሚከታተል ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያያል፦ ወሳኙ የመዘግየቱ ርዝመት ወይም የዝላዩ ትልቅነት ለብቻው አይደለም። ወሳኙ ሥርዓቱ ራሱ ከሚሮጥበት ፍጥነት ጋር ያላቸው ዝምድና ነው። ይህ ዝምድና በቁጥር ሲገለጽ ሐኪምም፣ መሐንዲስም፣ የግብርና ባለሙያም ሊጠቀምበት ይችላል። በቁጥር ሳይገለጽ ሲቀር ግን ወረቀት ላይ ቀርቶ ይረሳል።

ከኒውተን ጀምሮ የዲፈረንሺያል እኩልዮሽ ትምህርት የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነው፤ የነገውን የሚወስነው አሁን ያለው ሁኔታ ብቻ ነው የሚል። ጨረቃ ነገ የት እንደምትሆን ለማወቅ አሁን ያለችበትን ቦታና ፍጥነቷን ማወቅ ይበቃል፤ ትናንት የት እንደነበረች መጠየቅ አያስፈልግም። በካርኪቭ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አሌክሳንደር ሊያፑኖቭ በ1892 ባቀረበው የዶክትሬት ሥራ የርጋታን ጥያቄ መልክ ያስያዘው በዚሁ ዓለም ውስጥ ሆኖ ነው። ጥያቄው፣ ሥርዓቱ ከሚዛኑ ጥቂት ቢገፋ ተመልሶ ይረጋል ወይ የሚል ነው። ሊያፑኖቭ ይህን ለመመለስ እኩልዮሹን መፍታት እንደማያስፈልግ አሳየ። ሥርዓቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሳያቋርጥ የሚቀንስ፣ እንደ ጉልበት ያለ አንድ መጠን ማግኘት ከተቻለ ርጋታው ተረጋገጠ። ከርጋታ ጋር የተያያዘ ምርምር ሁሉ እስከ ዛሬ በዚህ ሐሳብ ይኖራል። የሚያስገርመው ሥራው የተሰራጨበት ዝግመት ነው፤ ወደ ፈረንሳይኛ የተተረጎመው በ1907 ሲሆን ሙሉው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የወጣው መቶኛ ዓመቱ ሲከበር በ1992 ነው።

ሕይወት ያለው ነገርና ሰው የሠራው ማሽን ግን እንደ ጨረቃ አይደሉም፤ ትናንትን ይዘው ይዞራሉ። ጣሊያናዊው ቪቶ ቮልቴራ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ያለፈ ታሪካቸውን የሚያስታውሱ ሥርዓቶችን እኩልዮሽ መርምሯል። ኒኮላስ ሚኖርስኪ በመርከብ ላይ ሲሠራ ነገሩን በዐይኑ አየው። የመርከብን መንገዳገድ ለመግታት ውኃ ከጎን ወደ ጎን የሚያመላልሰው ፓምፕ ትእዛዙን ዘግይቶ ሲፈጽም መንገዳገዱን ከማስቆም ይልቅ ያባብሰዋል። ሚኖርስኪ በ1942 መዘግየት ራሱን በራሱ የሚነዳ ውዝዋዜ እንዴት እንደሚፈጥር አሳተመ።

በ1948 የሥነ ምኅዳር ሊቁ ኤቭሊን ሃቺንሰን ለእንስሳት ብዛት አንድ አጭር እኩልዮሽ አቀረበ። መንጋው ሲበዛ ምግብ ያጥራል፤ እጥረቱ ግን በወሊድ ላይ የሚታየው ወዲያው ሳይሆን ዘግይቶ ነው። ከዚህ እኩልዮሽ የሚወጣው ውጤት የዚህ ሁሉ ምርምር እምብርት ይመስለኛል። መንጋው የሚራባበትን ፍጥነት ወስዳችሁ በመዘግየቱ ጊዜ አባዙት። ብዜቱ ከ0.37 በታች ከሆነ ብዛቱ ሳይዋዥቅ ወደ ሚዛኑ ይመለሳል። ከ0.37 እስከ 1.57 ባለው ውስጥ ከፍ ዝቅ እያለ በስተመጨረሻ ይረጋል። ከ1.57 ሲያልፍ ግን አይረጋም፤ ሲበዛና ሲመናመን ይኖራል። 1.57 የተባለው የፓይ ግማሽ ነው። በዓመት 2 በሚባል ፍጥነት የሚራባ ፍጡር የ6 ወር መዘግየት ቢኖርበት ብዜቱ 1 ይሆናል፤ ይረጋል። መዘግየቱ 10 ወር ቢሆን ወደ 1.67 ይደርሳል፤ አይረጋም። በሩብ ፍጥነት፣ ማለትም በ0.5 የሚራባ ፍጡር ግን የሦስት ዓመት መዘግየት እንኳ ይችላል። አውስትራሊያዊው ኒኮልሰን በ1950ዎቹ የበግ ዝንቦችን በቤተ ሙከራ አርብቶ፣ ምግባቸው ሳይለወጥ ብዛታቸው በየጊዜው ሲፈላና ሲመናመን ማየቱን ዘግቧል። መረጃው እስከ ዛሬ የመዘግየት እኩልዮሾች መፈተኛ ሆኖ ያገለግላል።

ከላይ ያለው 1.57 የሚለው ቁጥር በትናንሽ መገፋቶች ላይ እንደሚሠራ ማሳየት አያስቸግርም። ሥርዓቱ ከሚዛኑ ርቆ ቢጀምርስ? እዚህ ላይ ታሪኩ ባልተጠበቀ መንገድ ይመጣል። የቸርችል የሳይንስ አማካሪ የነበረው ሎርድ ቸርዌል በነጠላ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1ና ከራሳቸው በቀር በሌላ በማይካፈሉ ቁጥሮች ስርጭት ላይ ሲያሰላስል አንድ የመዘግየት እኩልዮሽ አጋጠመው። የቁጥር ሊቁ ኤድዋርድ ራይት ያንን እኩልዮሽ መረመረው፤ መልኩን ትንሽ ቢቀይሩት የሃቺንሰን እኩልዮሽ ሆኖ ይገኛል። ራይት በ1955 ብዜቱ እስከ 1.5 ድረስ ከሆነ ከየትም ቢጀምር ሥርዓቱ እንደሚረጋ አረጋገጠ፤ እስከ 1.57 ድረስም ይኸው እንደሚሆን ገመተ። የቀረው ክፍተት ሰባት መቶኛ ያህል ነበር። ይህን ክፍተት ለመዝጋት 63 ዓመት ፈጀ። በ2014 አራት ተመራማሪዎች በኮምፒውተር እየታገዙ እስከ 1.5706 ደረሱ፤ የመጨረሻዋን ስንጥቅ ቫን ዴን በርግና ጃኬት በ2018 ዘጉት። የኮምፒውተሩ ሥራ ግምት አልነበረም፤ የአሃዝ ማጠጋጋት ስሕተት ሳይቀር እየተቆጠረ የተሠራ ሙሉ ማረጋገጫ ነው። በአንድ መስመር የሚጻፍ እኩልዮሽ ይህን ያህል ማስቸገሩ መዘግየት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ይናገራል።

ክብደቱ ከየት መጣ? መዘግየት ያለበት ሥርዓት «አሁን ያለበት ሁኔታ» አንድ ነጥብ አይደለም። መዘግየቱ 10 ቀን ከሆነ የነገውን ለማወቅ ያለፉትን 10 ቀናት በሙሉ፣ እያንዳንዷን ቅጽበት ይዞ መገኘት ያስፈልጋል። ስለዚህ የሊያፑኖቭ መጠን ነጥብን ብቻ ሳይሆን ያለፈውን ጊዜ ሁሉ መመዘን አለበት። ሶቪየታዊው ኒኮላይ ክራሶቭስኪ በ1950ዎቹ ያደረገው ይህንን ነው። በዚያው ዘመን ራዙሚኺን ሌላ መንገድ ቀየሰ፦ የድሮው መጠን ይብቃ፤ መቀነሱን መፈተሽ ያለብን ግን የአሁኑ ዋጋ ካለፈው በልጦ በተገኘባቸው ቅጽበቶች ብቻ ነው አለ። ሩማኒያዊው ሃላናይ በ1966 ያወጣው ኢ-እኩልነት ከሁሉም ይበልጥ ለአእምሮ ይቀርባል። ሥርዓቱን አሁን ወደ ሚዛኑ የሚስበው ኃይል ካለፈው ጊዜ ከሚመጣው ብጥብጥ ከበለጠ፣ መዘግየቱ የቱንም ያህል ቢረዝም ሥርዓቱ ይረጋል። ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ መድረሱ አይቀርም።

በ1977 የማክጊል ዩኒቨርሲቲዎቹ ማኪ እና ግላስ በሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን ወደ ሰው ገላ አስገባው። ነጭ የደም ሴል እንዲመረት ሰውነት ትእዛዝ ከሰጠበት ሰዓት አንስቶ ሴሉ በደም ውስጥ እስኪገኝ ቀናት ያልፋሉ። ያ መዘግየት ሲረዝም በእኩልዮሹ ውስጥ የሴሉ ብዛት መጀመሪያ ይዋዥቃል፣ ቀጥሎም ማንም ሊተነብየው የማይችል ትርምስ ይሆናል። አንዳንድ በሽታ የአንድ አካል መበላሸት ሳይሆን የጊዜ አቆጣጠር መዛባት ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ ሥር ሰዷል።

የዝላይ ታሪክ የጀመረው ዘግይቶ ነው። አናቶሊ ሚሽኪስ በ1951 ስለ መዘግየት እኩልዮሾች ቀዳሚ የሆነ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው። ያው ሰው በ1960 ከሚልማን ጋር ሆኖ ድንገተኛ ምት በሚመታቸው ሥርዓቶች ርጋታ ላይ የመጀመሪያውን መሠረታዊ ጽሑፍ አወጣ። በሁለቱም በሮች ቀድሞ የገባው አንድ ሰው መሆኑ ቢያስደንቅም ዓለም ለሁለተኛው በር ለረጅም ጊዜ ትኩረት አልሰጠውም። በኪየቭ ሳሞይሌንኮና ፔሬስትዩክ ነገሩን አሳድገው በ1987 መጽሐፍ አደረጉት። ሕንዳዊው ላክሽሚካንታም ከቡልጋሪያውያኑ ባይኖቭና ሲሜኦኖቭ ጋር በ1989 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ በሩን ለሁሉም ከፈተ።

በዝላይ ሒሳብ ውስጥ ዋናው ደንብ አጭር ነው። በሁለት ዝላዮች መካከል ችግሩ በስንት እጥፍ ያድጋል? እያንዳንዱ ዝላይስ ስንት እጁን ያስቀራል? ሁለቱ ተባዝተው ከ1 ካነሱ ሥርዓቱ ይረጋል፤ ከ1 ከበለጡ አይረጋም። ሄስፓንያ፣ ሊበርዞንና ቲል በ2008 ይህንን አስፍተው ሁለት ተቃራኒ ጉዳዮችን በአንድ ማዕቀፍ አስቀመጡ። ሥርዓቱ በራሱ የሚረጋ ሆኖ ዝላዩ የሚያናጋው ከሆነ ዝላዮቹ መቀራረብ የለባቸውም። ሥርዓቱ በራሱ የሚናጋ ሆኖ ዝላዩ የሚያድነው ከሆነ ደግሞ መራራቅ የለባቸውም።

መዘግየትና ዝላይ ሲገናኙ አዲስ ችግር ይወለዳል። ዝላዩ የአሁኑን ይለውጣል፤ ያለፈውን ግን አይነካም። ከዝላዩ በኋላም ቢሆን አሮጌው ሁኔታ በመዘግየቱ ልክ ተመልሶ ይመጣል። ከዚህም በላይ የድሮው የመዘግየት ቲዎሪ ያለፈው ታሪክ ያልተቆራረጠ መስመር እንዲሆን ይፈልጋል፤ ዝላይ ግን መስመሩን ይቆርጠዋል። ጎፓልሳሚና ዣንግ በ1989 ሁለቱን አንድ ላይ አጠኑ። ባሊንገርና ሊዩ ደግሞ በ1999 እንዲህ ያሉ እኩልዮሾች መፍትሔ እንዳላቸውና መቼ አንድ መፍትሔ ብቻ እንደሚኖራቸው በሥርዓት አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ።

ስለዚህ ጎርፍ የሚሰማኝን በግልጽ ልናገር። ከ1990ዎቹ ወዲህ የማትሪክስ ኢ-እኩልነቶችን ኮምፒውተር ስለሚፈታቸው የርጋታን ሁኔታ በዚያ መልክ መጻፍ የተለመደ ሆነ። በዚህ ዘርፍ ሁሉም የሚጠቀምበት አንድ መፈተኛ ምሳሌ አለ፤ ሁለት ተለዋዋጮችና አንድ መዘግየት ያሉት። መዘግየቱ እስከ 6.17 ድረስ ሥርዓቱ እንደሚረጋ በሌላ ዘዴ ይታወቃል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት የማትሪክስ ዘዴዎች ግን የሚያረጋግጡት እስከ 4.47 ድረስ ነበር። ብዙ ጽሑፎች ያንን ቁጥር በአሥረኛና በመቶኛ እያሻሻሉ ወጡ፤ በ2013 ሰሬ እና ጉዌስቦ የተሻለ ኢ-እኩልነት አምጥተው ወደ 6.06 አደረሱት። የእነዚህ የሁለቱ ሥራ እውነተኛ እርምጃ ነው፤ መዘግየቱ በየጊዜው ለሚለዋወጥባቸው ሥርዓቶች 6.17ን የሰጠው ዘዴ አይሠራምና መሣሪያው ያስፈልጋል። ከኋላው የተከተለው ብዙው ግን መልሱ በሚታወቅ ምሳሌ ላይ አሥርዮሽ መጨመር ሆነ። ስለ መዘግየትና ስለ ዝላይ የሚጽፍ ሰው የሚያስቀምጠው ሁኔታ በእውነተኛ መረጃ ሊለካ የማይችል ከሆነ ርጋታውን ያረጋገጠው ለማን ነው? የሃቺንሰን ብዜት 70 ዓመት አልፎትም የሚጠቀስበት ምክንያት አንድ ሰው ሁለት ነገር ለክቶ፣ አባዝቶ መልስ ስለሚያገኝበት ነው።

በአገራችን እንዲህ ያለው ሒሳብ የሚኖርባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ ወባ ነው። ሮናልድ ሮስ በ1911 የወባን እኩልዮሽ ጻፈ፤ ሻርፕና ሎትካ በ1923 መዘግየቱን ጨመሩበት። ትንኝ የታመመ ሰው ደም መጥጣ ወዲያው አታስተላልፍም፤ ጥገኛው በገላዋ ውስጥ እስኪበስል ጊዜ ይፈልጋል። ይህ ጊዜ በሙቀት ይወሰናል። በሰፊው በሚሠራበት የዴቲኖቫ ቀመር መሠረት ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ዓይነት 111ን፣ ከ16 ዲግሪ በላይ ላለው ሙቀት ማካፈል ነው። በ26 ዲግሪ 11 ቀን ይሆናል፤ በ20 ዲግሪ ወደ 28 ቀን፤ በ18 ዲግሪ ከ55 ቀን በላይ። አሁን ከአሥር ትንኞች አንዷ በየቀኑ ትሞታለች እንበል። በ26 ዲግሪ ከመቶ ትንኞች 31 ያህሉ ለማስተላለፍ ይደርሳሉ፤ በ20 ዲግሪ 5 ያህል፤ በ18 ዲግሪ ከሺህ 3። ደጋውን ከወባ የጠበቀው በዋናነት ይህ መዘግየት ነው። እዚህ መዘግየት ጠላት አይደለም፤ መከላከያ ነው፤ ሙቀት ሲጨምር የሚፈርስ መከላከያ። በ1958 ወረርሽኙ በደጋው ክፍል ሲገባ 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመና 150,000 እንደሞተ ተገምቷል። በ2014 በሳይንስ መጽሔት የወጣው፣ የኢትዮጵያንና የኮሎምቢያን ደጋዎች ያነጻጸረው የአሚር ሲራጅና የባልደረቦቹ ጥናት ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታው እንደሚወጣ አሳይቷል።

ሁለተኛው በባክቴሪያ የሚመጣው የዐይን በሽታ፣ ትራኮማ ነው። አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ለመላው ማኅበረሰብ በአንድ ጊዜ ሲታደል በሒሳብ ቋንቋ የተሟላ ዝላይ ነው። ደንቡን በቀጥታ እናስላው። ኢንፌክሽኑ ባይነካ በዓመት ሦስት እጥፍ ያድጋል እንበል፤ መድኃኒቱ ከወሰዱት 95 በመቶውን ያድናል እንበል። ከሕዝቡ 80 በመቶው ከወሰደ የሚቀረው ኢንፌክሽን 24 በመቶ ነው፤ በሦስት ሲባዛ 72 በመቶ ይሆናል፤ በየዓመቱ ይቀንሳል። የወሰደው 70 በመቶ ብቻ ከሆነ ግን የሚቀረው 33.5 በመቶ ነው፤ በሦስት ሲባዛ ከመቶ ያልፋል። አሥር በመቶ ሰው ሳይወስድ መቅረቱ የዘመቻውን ውጤት ከመጥፋት ወደ መቀጠል ይገለብጠዋል። ሊትማንና ባልደረቦቹ በ1999 እንዲህ ባለ ስሌት ላይ ተመሥርተው፣ ከሕፃናቱ ከ35 በመቶ በታች የተያዙበት አካባቢ በዓመት አንዴ፣ ከ50 በመቶ በላይ የተያዙበት ሁለቴ እንዲታደል መከሩ።

ምክሩ የተፈተነው እኛው ዘንድ ነው። በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የተካሄደውና «ታና» የተባለው ጥናት በ2012 ላንሴት ላይ ታተመ። በሕፃናት ላይ 40 በመቶ አካባቢ የነበረው ኢንፌክሽን በ42 ወራት ውስጥ በዓመት አንዴ በታደለባቸውም ሁለቴ በታደለባቸውም ቀበሌዎች ከ4 በመቶ በታች ወረደ፤ በሁለቱ መካከል ጎላ ያለ ልዩነት አልተገኘም። በጉራጌ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ እደላው ሲቆም ምን እንደሚሆን አሳየ። ከ60 በመቶ በላይ የነበረው ኢንፌክሽን ከአራት እደላ በኋላ ከ3 በመቶ በታች ደርሶ ነበር፤ እደላው ከቆመ በኋላ ግን ወደ ሩብ ያህል ተመልሶ ወጣ። በራሱ የማይረጋ ሥርዓት ዝላዩ ሲቆም ወደ ነበረበት እንደሚመለስ ቲዎሪው ይናገራል፤ መንደሮቹም ይህንኑ አረጋገጡ። መዘግየቱም እዚህ አለ። የዐይን ቆብ ተገልብጦ የሚታየው ምልክት ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላ ለወራት ይቆያል፤ በምልክት ብቻ የሚወሰን ውሳኔ ያለፈውን ጊዜ እያየ ይወስናል። በአማራ ክልል አንዳንድ ወረዳዎች ከአሥር ዓመት በላይ በየዓመቱ ታድሎም ትራኮማው አልጠፋም። የእነዚያ ወረዳዎች የእድገት ፍጥነት፣ ሽፋናቸውና የልኬታቸው መዘግየት በአንድ እኩልዮሽ ውስጥ ገብተው መታየት አለባቸው።

በየዩኒቨርሲቲያችን ዲፈረንሺያል እኩልዮሽ የምታስተምሩ መምህራን፣ መዘግየትንና ዝላይን ለማስተርስ ተማሪ ብቻ አታቆዩዋቸው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሃቺንሰንን ብዜትና የእደላውን ቀመር በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ሊረዳ ይችላል። ምሳሌውን ከውጭ መጽሐፍ ከምትወስዱ ከጤና ቢሮ የወረዳ መረጃ ጠይቁ፤ ተማሪዎቻችሁም በመመረቂያ ሥራቸው የአንድ ወረዳን የእደላ ብዜት ለክተው ከ1 ማነሱን ወይም መብለጡን ይንገሩን።